በሚሌ በኩል ነው የምመጣው

ግራና፣ መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ወንድሙ፣ ባሉበት ናዝሬት፤

አሰላሙ ዐለይኩም ብያለሁ። ሰላምታ የአላህ ነውና አልከለክልዎትም። ከዚህ በታች ያለው ግን የእኔ ነው።

ደብዳቤዎን የጭነት ሹፌሩ አለሙ ውርጌሳ ሻይ ቤት ትቶልኝ ደርሶኛል። ራሴ አነበብኩት፤ ማንም አላነበበልኝም። ይህንንም የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። እርስዎ ባስተማሩኝ ፊደል መልሼ ለእርስዎ መጻፌ ደስ አይለኝም፤ ግን ሌላ ፊደል የለኝም።

ስለ ጤናዬ ጠይቀዋል። ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ደህና ነኝ። ስለ ክረምቱም ጠይቀዋል። ደህና ዘንቧል፤ ማሽላው ቆሟል። ሦስተኛውን ጥያቄዎን ግን እንዴት ብዬ ልመልሰው? «ከድጃ እንዴት ናት? በር ላይ የተከለቻት ማንጎ አፈራች ወይ? ላኪልኝ ብሏል በላት» ይላል ወረቀቱ። ይዤው ሄጄ ማንጎዋ ሥር ተቀመጥኩ። አፍርታለች አቶ ወንድሙ። ዘንድሮ የጎረቤት ልጆች ጠገቡባት። የተከለቻት ናት ያልቀመሰቻት።

ባለቤቴ ከድጃ የሞተችው በጦርነቱ መንገዱ ተዘግቶ፣ ወልድያም መርሳም ሰው ከቤቱ በማይወጣበት ጊዜ ነው። የስኳር መድኃኒቷ አለቀ፤ የሚሸጥ ጠፋ። ጀናዛዋን የሸኘናት እኛው የሰፈር ሰዎች ብቻ ነን። መንገዱ በተከፈተ ሳምንት በሰው ስልክ ለልጅዎ ለኤልሳቤጥ አስደወልኩ። «ለአባትሽ ንገሪው» አልኳት። አለቀሰች፤ እሺ አለች። ከዚያ ጠበቅኩ። ከቆቦ መጡ። ከሐይቅ መጡ። አንካሳ አህያ የሸጠብኝ ሰውዬ እንኳ አፍሮ ሳይቀር መጣ። እርስዎ አልመጡም።

ባለቤትዎ ሙሉወርቅ ስትሞት ከድጃ የት ነበረች? ወልድያ እርስዎ ቤት ነበረች። ለእስላሙ ለቀስተኛ ለብቻ እያበሰለች፣ እንግዳ እየተቀበለች፣ ተዝካሩ እስኪወጣ ቤቷን ትታ ከረመች። እኔ እዚህ ብቻዬን እርጎ ስጠጣ ነው የሰነበትኩት። አሁን በሦስተኛው ዓመት «እንዴት ናት» ይሉኛል። ቀልድም ከሆነ አላሳቀኝም።

መጽሐፉን ላክልኝ ላሉት፣ አልልክም። ሳጥኑ ውስጥ አለ፤ ያ ሁለት ሰዎች ዓለምን ለመዞር የተሽቀዳደሙበት፣ አንዱ በምሥራቅ አንዱ በምዕራብ ሄደው ደጃፉ ላይ ከቀጠሮው ቀን የዘገየ ተረታ የተባለበት መጽሐፍ። ከኮምቦልቻ አሰብ ስንመላለስ ጋቢና ውስጥ ሲያነቡልኝ የእርስዎ ነበር። ፊደል ካስቆጠሩኝ ወዲህ የእኔ ሆኗል። መጨረሻው እንደሆነ ያው ነው። በምሥራቅ የሄደው ሰው ሲደርስ መስኮቱ ላይ መብራት አየ፤ ሌላው ቀድሞት ገብቷል። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ዘግይቷል። ከዚያ ወዲያ ወረቀት የለም።

ሙሄዲን


ናዝሬት፣ ጥቅምት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሙሄ፣

ሰላምታው ዛሬ ይለፈኝ። ደብዳቤህን ከፍቼ «አፍርታለች» የምትለው ላይ ስደርስ ሳቅኩ። ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ኤልሳቤጥ ከጓዳ እየሮጠች መጣች። የጮህኩት እኔ መሆኔን አላወቅኩም። ጆሮዬን ሞተሩ እንደበላው ታውቃለህ፤ ስልክ የማላነሳው፣ ወረቀት የማስቸግርህም ለዚህ ነው። የራሴን ለቅሶ እንኳ አልሰማሁትም።

አላወቅኩም ሙሄ። የሙሉወርቅ አጥንት ይውጋኝ፣ አላወቅኩም። አንተ ባስደወልክ ጊዜ እኔ ለልቤ ደረቴን ተቀድጄ ሆስፒታል ተኝቻለሁ። ሐኪሙ የሚያስደነግጠው ነገር እንዳይሰማ ብሎ ኤልሳቤጥን አስጠነቀቃት። ልጅቱ መርዶውን ዋጠችው። ሲሻለው እነግረዋለሁ አለች። ቀጥሎ ፋሲካው ይለፍ አለች። ከዚያ በኋላ ደግሞ እስካሁን እንዴት ደበቅሽኝ እንዳልላት ፈራች። በጠየቅኳት ቁጥር «ሁሉም ደህና ናቸው አባዬ» ነው። እኔ ደግሞ እዚህ ተቀምጬ ምን ስል እንደኖርኩ ልንገርህ? ደረቴን ተቀድጄ ሳለ ሙሄዲን አንድ ቀን እንዴት አደርክ ሊለኝ አልመጣም ስል ነው የኖርኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀይሜህ ነበር። አየኸን?

አሁን መሬት ላይ ተቀምጫለሁ። እድርተኛው ድንኳን እንትከል ወይ ብሎ መጣ። «ማን ሞተብህ?» ይሉኛል፤ «እህቴ» እላለሁ። «መቼ?» ይሉኛል፤ «ማክሰኞ» አልኳቸው። ደብዳቤህ የገባው ማክሰኞ ነው። ዋሸሁ እንዴ? እኛ አገር ሰው ለቅሶ የሚቀመጠው መርዶው ከገባበት ቀን ጀምሮ አይደለም ወይ? ወታደር ልጇ የሞተባት እናት ከአሥር ዓመት በኋላ ሲነገራት፣ ጊዜው አልፎበታል ያላት ማን አለ?

ስለዚህ አልዘገየሁም። ልመጣ ነው፤ ማንጎዋ ሥር ተቀምጠን እንድንላቀስ። የመጽሐፉም ሰውዬ አልዘገየም። ስንት ጊዜ ልንገርህ? እሱን የሚናገረውን ቅጠል ሚሌ ላይ እሳት አያያዝክበት። ነፋሱ ክብሪቱን እያጠፋብህ፣ ፊደል ሳትለይ፣ እኔ መኪናው ሥር ተኝቼ ጎማ እየፈታሁ። ሻዩ ግን ደግ ነበር።

ደግሞ ይኼን አንቱታ አልቀበልም። ረዳቴ ሆነህ ስትሰድበኝ እንኳ አንተ ነበር የምትለኝ።

ወንድሙ


ግራና፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ወንድሙ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ስለ ልብዎ አልሰማሁም ነበር። ብሰማ ኖሮ ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩት፤ ከላይ የተሰረዘው እሱ ነው። ልጅዎን አይቆጧት። ለእርስዎ ብላ ነው።

ልመጣ ነው ላሉት፣ አይምጡ።

ምክንያቱን ልንገርዎት። ከድጃን በቀበርን በዓመቱ ግራና ገበያ ላይ «ያ ሹፌር ጓደኛህ እስካሁን አልደረሰም?» ብለው ጠየቁኝ። ሰው ተሰብስቧል፤ አለሚቱ ጎረቤቴ ሳትቀር ሽንኩርቷን ይዛ ቆማለች። «ከእንግዲህ ቢመጣም በሬን አልከፍትለትም» አልኩ። ወላሂ ብዬ ማልኩ። ሰው ሁሉ ሰምቷል። አሁን እርስዎ ከመኪና ሲወርዱ ሮጬ ልክፈት? «ሙሄዲን ቃሉን በላ» ይበሉኝ? እኔ ከዚህ ዕድሜዬ ጋር የቀረኝ ቃሌ ነው።

ደግሞ የመጽሐፉን ነገር አያምጡብኝ። ወደ ምሥራቅ የሄደ ሰው አንድ ቀን ያተርፋልና አልዘገየም ይላሉ። ቀን ጥጃ ነው እንዴ፣ ከበረት ወጥቶ ሜዳ ላይ የሚገኝ? እሺ፣ ያ ሰውዬ እስላም ቢሆን ጁምዓን መቼ ይሰግድ ነበር? እሱ ጁምዓ ነው ሲል አገሩ ሐሙስ ከሆነ ኢማሙ ከማን ጋር ሊቆም ነው? ይህን ሸሁን ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ መጀመሪያ። ኋላ ጢማቸውን እየነካኩ አሰቡና «ሰው የሚሰግደው በደረሰበት አገር ቀን ነው» አሉኝ። ይኸው። የሚቆጠረው የደረሰበት አገር ቀን ነው። እዚህ ግራና ላይ ከድጃ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው፤ እርስዎ ናዝሬት ማክሰኞ ቢሉት ያው ነው።

ብርዱ ገብቷል። ናዝሬት ይሞቃል ሲሉ እሰማለሁ። የልብ ሰው ሙቀት ይስማማዋል? መድኃኒትህን በሰዓቱ ትወስዳለህ? ይወስዳሉ ወይ ለማለት ነው።

ሙሄዲን


ናዝሬት፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሙሄ፣

«ትወስዳለህ?» ብለህ መልሰህ ያረምካትን አየኋት። ከደብዳቤው ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት እሷን ነው።

ሸሁ እውነታቸውን ነው። ግን ሰውዬው ገና መንገድ ላይ ሳለስ? እኔ ገና አልደረስኩማ። ጋቢና ውስጥ እንዴት እንደነበርን ትዝ ይልሃል? ላንተ ቀኑ ፀሐይ ስትገባ ይጀምራል፣ ለእኔ ጎህ ሲቀድ። አሰብ ወደብ ላይ ያ ፈረንጅ ተቆጣጣሪ ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ቀኑን ይቀይርና ወረቀታችሁ የትናንት ነው ብሎ ይመልሰናል። ሦስታችን አንድ መኪና ፊት ቆመን ዛሬ ማን እንደሆነ አልተስማማንም። ማናችን ነበርን የተሳሳትነው? እየሳቅን አይደል ወይ የተመለስነው?

አንድ ነገር አለ፤ ለኤልሳቤጥ እንዳትጽፍላት። ባለፈው ሐኪሙ እኔ ስለማልሰማ ከአልጋዬ ጎን ቆሞ ነገራት። እኔ ደግሞ ከንፈሩን አየሁት። ደንቆሮ መሆን ይኼን ያህል ያስተምራል። ብዙ አልቆይም ሙሄ። ልጄ ወጥታ ፊቷን ታጥባ ተመለሰችና «በጣም ተሽሎሃል አለ» አለችኝ። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት። እንዲህ ነው የምንኖረው።

ሞቱን አልፈራሁም፤ ውሸት አይሁንብኝና ትንሽ ፈርቻለሁ። የከድጃን ለቅሶ ሳልደርስ መሄዱ ነው የባሰብኝ። የዘጋኸውን በር ሰብሬ አልገባም። ለቅሶ ቤት በጉልበት አይገባም። ቃልህንም ብላ አልልህም፤ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ረዳቴ ነበርክ እኮ። ብቻ ካስተማርኩህ ፊደል አንዷን ላክልኝ። «ና» በለኝ። አለሙ ከኋላ ፍራሽ አንጥፎ በቀስታ ይወስደኛል፤ ተነጋግረናል። አንድ ፊደል ነው ሙሄ።

ወንድሙ


ግራና፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሙ፣

ና።

እሷን ከላይ ያደረግኳት፣ የቀረው ወረቀት ቢቀደድም እንዳትጠፋ ነው።

እንዴት አደርክ? እንዴት ሰነበትክ? ልብህ እንዴት ነው? አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ። የዘገየሁበትን ልናገር አፍሬያለሁ፤ ግን ካልነገርኩህ ሌላ ምክንያት ታስብልኛለህ ብዬ ፈራሁ። ደብዳቤህ በደረሰኝ ቀን «ና» ብዬ ጽፌ የኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። የመርሳ ገበያ ዕለት ወረድኩ። አለሙ ሞተሩን አስነሥቶ «አባባ፣ ለጋሽ ወንድሙ የምትልከው አለ?» አለኝ። ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ እነዚያ ስምል የሰሙት ሰዎች ተቀምጠዋል። እጄን ኪሴ ከተትኩ፤ ወረቀቱን ነካሁት። «የለም» አልኩ። ሄደ። በሚቀጥለው ገበያ ልሰጠው ነበር፤ እሱ በሌላ መንገድ ጭነት ይዞ ጠፋ። ከዚያ ሽንኩርት ማውጣት መጣ። እንዲህ እንዲህ ስል ረመዳን ገባ።

በመጀመሪያው ጁምዓ ከሶላት በኋላ መስጊዱ በር ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። «ጀማዓ፣ ለወንድሙ በሬን አልከፍትም ብዬ ነበር፤ እከፍታለሁ» አልኩ። ለካስ የማልኩትን ቃል ከእኔ በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም። አለሚቱ ብቻ «በጾም ቃልህን በላህ?» ብላ ሳቀችብኝ። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ወር ያስጠበቅኩህ ወንድሙ። ማንም ለማያስታውሰው ነገር። ለመሐላውም ጾሙ ሲያልቅ ድሃ አበላለሁ፤ ሸሁ ነግረውኛል።

ቤቱን በኖራ አስቀባሁት። የከድጃን ሰሌን አውጥቼ አራገፍኩ። አንተ ሁዳዴ ላይ ነህ፣ እኔ ረመዳን ላይ፤ በምግብ አንጣላም። ቀን ቀን ሁለታችንም ባዶ ሆዳችንን ማንጎዋ ሥር እንቀመጣለን። አበባ ይዛለች፤ ስትበስል ታያታለህ።

መጽሐፉንም ከሳጥን አወጣሁት። ያ ሰውዬ ከደረጃው ተነሥቶ ምን አደረገ? በሩን አንኳኳ ወይስ ከውስጥ ከፈቱለት? ይኼን ሁሉ ዓመት ጠይቄህ አላውቅም፤ ከጠየቅኩ የተረታሁ ይመስለኝ ነበር። አልዘገየም ካልክ አልዘገየም። መጥተህ ንገረኝ።

ይኼን አለሙ እጅ ውስጥ ራሴ አስገባዋለሁ። መኪናው ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆሜ አያለሁ።

ወንድምህ ሙሄዲን


አዳማ፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ሙሄዲን፣

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤዎ ደርሶናል። አባዬ ደህና ነው። እጁን ስለደከመው ነው እኔ የምጽፍልዎ። በጣም ሰላም ብሎዎታል።

ጉዞው ለጊዜው ይቆይ ተብሏል። እርስዎም በጾም ወደዚህ እመጣለሁ ብለው እንዳይንገላቱ እለምንዎታለሁ። መንገዱም አድካሚ ነው። ኢድን በደስታ ያሳልፉ።

ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? የደም ግፊትዎን ተለክተው ያውቃሉ? ማታ ብቻዎን ነው የሚያድሩት? አለሚቱ ቤቷ ቅርብ ነው አይደል? የሸሁን ወይም የአንድ የሰፈር ሽማግሌ ስልክ ቁጥር በአለሙ በኩል ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል። ለሌላ አይደለም፤ እንዲያው ለመጠያየቅ እንዲመቸን ነው።

ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። የእትዬ ከድጃን ነገር ማለቴ ነው። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ልጅዎ ኤልሳቤጥ


መርሳ መናኸሪያ፣ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ኤልሳቤጥ፣

እንዴት ነሽ? በርቺ። አባትሽ ደህና ነው ብለሻል። እሺ። እኔም ደህና ነው ብዬ ነው ከቤቴ የተነሣሁት።

የሽማግሌ ስልክ አልላክሁልሽም። ሸሁን አታስቸግሪያቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እኔም ከእሳቸው ጋር ስንት ሰው ቤት በማለዳ ሄጃለሁ መሰለሽ። ከመሄዳችን በፊት ግፊት አለበት ወይ፣ ብቻውን ነው የሚያድረው ወይ፣ ጎረቤት ማን አለ ብለን ነው የምንጠይቀው። ጥያቄሽን ለይቼ አውቀዋለሁ። አልተቆጣሁሽም። የከድጃንም ይቅር ብዬሻለሁ። አንቺ ብትደብቂውም እሱ ገና በሰማ ዕለት አልቅሶላታል። እኔ ነኝ እሱ ሰምቶ ሳለ ማንጎዋ ሥር ያላስለቀስኩት።

ኮቴን እንደለበስኩ ነኝ። እጄ ራሱ ወደ ኪሴ ይሄዳል። አለሙ «የምትልከው አለ?» ሲለኝ ያን ዕለት አውጥቼ ብሰጠው ኖሮ በጥር ደርሶ ነበር። ጥር ላይ አባትሽ መቀመጥ ይችል ነበር አይደል? በፍራሽ ላይ ይመጣ ነበር። ማንጎዋ ሥር ይቀመጥ ነበር። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ለነበሩት ሰዎች ስል ነው። ትናንት ለኢድ ሲስሙኝ አየኋቸው፤ ምንም የሚያውቁት የለም።

አሁን የምለምንሽ አለ። እኔ እስክደርስ ማንም ምንም አይንገረኝ። በስልክ አይደወልልኝ፤ አለሙም አፉን ይያዝ፤ ነግሬዋለሁ። መናኸሪያም ሰው አትላኪብኝ፤ የሰፈራችሁን ስም ከፖስታው ላይ ይዤዋለሁ፤ እየጠየቅኩ እደርሳለሁ። ነጠላሽን አዘቅዝቀሽው ከሆነ ቀና አድርገሽ ጠብቂኝ። ከበር ገብቼ፣ ጫማዬን አውልቄ ስቀመጥ ያኔ ትነግሪኛለሽ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሬ እቀመጣለሁ። ሸሁ ነግረውኛል፤ የሚቆጠረው ሰው በደረሰበት አገር ቀን ነው። አባትሽን በዚህ ቃል ስከራከረው ነበር። አሁን ለእኔው ዋለልኝ።

«ና» ያልኩበት ወረቀት እሱ ዓይን ገብቶ እንደሆነም ያኔውኑ ንገሪኝ። ካልገባ አልገባም በይኝ። ደስ ይበለው ብለሽ አትዋሺኝ።

መጽሐፉን ይዤዋለሁ። እሱ የጠየቀኝ በመስከረም ነበር።

ይኼን ወረቀት አለሙ ቀድሞ ያደርስልሻል። እሱ በደብረ ብርሃን በኩል ነው የሚሄደው። «አባባ፣ አብረን እንሂድ፤ አጭሩ ይኼ ነው» ብሎ ለመነኝ። እምቢ አልኩት። እኔ በባቲ፣ በሚሌ፣ በአዋሽ አድርጌ ነው የምመጣው፤ አባትሽና እኔ በለመድነው። «ይረዝማል እኮ» አለኝ። ይርዘም። መንገድ ላይ እስካለሁ ድረስ ወንድሙ አለ። ባቲ ስደርስም አለ፣ አዋሽ ላይም አለ።

ሚሌ ላይ እወርድና ሁለት ሻይ አዛለሁ። ሁለተኛው እስኪቀዘቅዝ እቀመጣለሁ። የሚያስቸኩለኝ የለም።

ሙሄዲን